ጄሊፊሽን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ስለ ማሳደግ፦ አጭር የምርምር ታሪክ

ጄሊፊሽ የሚባለው የባሕር እንስሳ አጥንትም፥ አንጎልም፥ ልብም የለውም። ከገላው ከመቶ ዘጠና አምስት እጁ ያህል ውሃ ነው። ማዕበል አውጥቶ አሸዋ ላይ ቢጥለው ፀሐዩ ያደርቀውና በስፍራው እንደ ስስ ወረቀት ያለ ነገር ብቻ ይቀራል። እኛ የደጋ ልጆች ይህን ፍጥረት የምናውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ስለ ሆነ፥ መልኩን ለማስረዳት የተዘረጋ ጃንጥላና ከጃንጥላው ዳር ዙሪያውን የተንጠለጠሉ ተናዳፊ ክሮች ብዬ ባልፍ ይበቃል። ጃንጥላው ሲሰበሰብ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንስሳውም በዚሁ ግፊት ወደ ፊት ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ለእጅ የማይመች ፍጥረት ለምርመራ ብሎ በቤት ውስጥ ማሳደግ ከባድ ነው። ሥራው ከተጀመረ ግን ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ስለ ባሕር እንስሳት የሚጻፉት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኑት በመርከብ ዞረው በመረብ የሰበሰቡትን ሰዎች ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፥ ስለ ጄሊፊሽ ከምናውቀው ውስጥ ዋናው የተገኘው ሰብሳቢዎቹ ከያዙት ሳይሆን አሳዳጊዎቹ ካቆዩት መሆኑን ነው። በመረብ የተያዘ ጄሊፊሽ ምን እንደሚመስል ይነግረናል፤ ከማን እንደ ተወለደ ግን አይነግረንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1829 ሚካኤል ሳርስ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ፥ በበርገን አካባቢ ካለው ባሕር ስላገኛቸው እንስሳት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሳርስ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ትምህርቱም ሃይማኖት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት አዳዲስ እንስሳትን ገልጿል። አንደኛው ድንጋይና የባሕር አረም ላይ የተጣበቀ፥ ከጣት ጥፍር የሚያንስ፥ አፉን ወደ ላይ አድርጎ በአፉ ዙሪያ ክሮቹን የዘረጋ ፍጥረት ነው። እንዲህ ያለውን ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ሊቃውንት ፖሊፕ ይሉታል፤ ሳርስ ግን ለዚህኛው ስኪፊስቶማ የሚል ስም አወጣለት። ሁለተኛው በአንድ ግንድ ላይ እንደ ተደራረቡ ሰሐኖች ሆኖ የቆመ ነው፤ ይህንንም ስትሮቢላ አለው። ሳርስ በዚያን ጊዜ ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረቶች መሆናቸውን አልተጠራጠረም። የሚጠራጠርበትም ምክንያት አልነበረውም።

በ1831 ኪን በምትባል የባሕር ዳር ደብር ቄስ ሆኖ ተሾመ። ደብሩ በደሴቶች ላይ የተበታተነ ስለ ነበረ ቄሱ ከምእመናኑ ዘንድ የሚደርሰው በጀልባ ነው። የባሕሩን እንስሳት በየወቅቱ እየደጋገመ ለማየት የተመቸው በዚህ ኑሮ ይመስለኛል። በ1835 ያሳተመው ሁለተኛ ጽሑፍ የፊተኛውን አሳቡን አፈረሰ። ስኪፊስቶማና ስትሮቢላ አንድ እንስሳ ናቸው አለ። ያ ትንሽ ፖሊፕ ጊዜው ሲደርስ ገላው በአግድም እየተሰነጠቀ ሰሐን በሰሐን ላይ የተከመረ ይመስላል፤ ቀጥሎም ከላይ ያለው ሰሐን ይላቀቅና ጃንጥላውን እያርገበገበ ይዋኛል፤ ሁለተኛውም፥ ሦስተኛውም እንዲሁ። በ1841 ደግሞ እነዚህ ሰሐኖች አድገው አውሬሊያና ሲያኒያ የተባሉት ታላላቆቹ ጄሊፊሾች እንደሚሆኑ፥ የጄሊፊሹም እንቁላል ተመልሶ ያን ተጣባቂ ፖሊፕ እንደሚያስገኝ አስረዳ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። አንድ ሰው የራሱን ስሕተት በራሱ እጅ ለማረም አሥራ ሁለት ዓመት ሲታገሥ ማየት ደስ ያሰኛል፤ እኛ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ለማረም እንኳ የምንቸገር ነንና።

በዚሁ ዘመን በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ ሰር ጆን ግራሃም ዳልየል የተባለ የሕግ ሰው ቤቱን በባሕር እንስሳት ሞልቶት ነበር። መሣሪያው ተራ የብርጭቆ ዕቃ ነው። የባሕሩ ውሃ በተሸካሚ እየተቀዳ ይመጣለታል፤ በየዕቃው ያለው ውሃም ሳይበላሽ ይለወጣል። ለፖሊፑም የሰጠው ስም ሃይድራ ቱባ ነበር። ዳልየል ፖሊፑን ለብዙ ጊዜ ስላቆየ፥ ከሥሩ ቡቃያ እያወጣ ራሱን ሲያባዛ፥ በኋላም እነዚያን ዋናተኛ ሰሐኖች ሲያስገኝ በዓይኑ አየ። ስለ ትዕግሥቱ ሌላ ምስክር ካስፈለገ፥ በ1828 ከባሕር ያመጣት አንዲት የባሕር አኔሞን ነበረች። አኔሞን የጄሊፊሽ የሩቅ ዘመድ ናት። «አያት» የሚል ስም ወጥቶላት ዳልየል በ1851 ከሞተ በኋላ ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ እየተላለፈች እስከ 1887 ድረስ ኖረች። ውሃ ቀጂዎቹ እነማን እንደ ነበሩ ማንም አልመዘገበም።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ምን እንደ ለወጠ ለመረዳት ከቢራቢሮ ጋር ማወዳደር ይጠቅማል። አባ ጨጓሬ ቢራቢሮ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአንድ አባ ጨጓሬ የሚወጣው አንድ ቢራቢሮ ነው። ከአንድ ፖሊፕ ግን ብዙ ጄሊፊሾች ይወጣሉ፤ ፖሊፑም አይሞትም፤ ለከርሞው ደግሞ ይወልዳል። የጄሊፊሹ ልጅ ፖሊፕ ነው፤ የፖሊፑ ልጅ ጄሊፊሽ ነው። ስለዚህ ልጅ እናቱን ሳይሆን አያቱን ይመስላል ማለት ነው። ገጣሚም የነበረው ሻሚሶ ሳልፕ ስለሚባሉ ሌሎች የባሕር እንስሳት በ1819 ይህን የመሰለ ነገር ተናግሮ ነበር። በ1842 የዴንማርኩ ሊቅ ስቴንስትሩፕ እነዚህን ሁሉ ምስክርነቶች ሰብስቦ ትውልድ የሚፈራረቅበት ሕግ ነው ብሎ በመጽሐፍ አወጣው። ከዚያ በፊት የእንስሳት ሊቃውንት አንድ ዓይነት እንስሳ አንድ ዓይነት መልክ አለው ብለው ስለሚያስቡ ፖሊፑን ለብቻ፥ ጄሊፊሹን ለብቻ ሰይመው መዝግበዋቸው ነበር።

ስሕተቱ በአንድ ቀን የታረመ አይምሰለን። ከእነዚህ በጣም በሚያንሱት ጄሊፊሾች ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ለምሳሌ ፊያሊዲየም የሚባል ትንሽ ጄሊፊሽ ነበረ፤ ክሊቲያ የሚባል ፖሊፕም ነበረ። ሁለቱን የሚያጠኑት ሰዎች የተለያዩ፥ መጻሕፍቶቻቸውም የተለያዩ ነበሩ። ዛሬ አንድ እንስሳ መሆናቸው ታውቆ ክሊቲያ ሄሚስፌሪካ ይባላሉ። ብሪታንያዊው ሊቅ ሪስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በ1930ዎቹ ዓመታት በፕሊመዝ ሲሠራ፥ የትኛው ፖሊፕ የትኛውን ጄሊፊሽ እንደሚወልድ እያሳደገ መለየትን ሥራዬ ብሎ ይዞት ነበር። ዘመዳቸውን ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረም።

አሁን ወደ ውሃው ነገር ልመለስ። ሳርስና ዳልየል ያሳደጉት በይበልጥ ፖሊፑን ነው፤ ፖሊፕ ተጣብቆ ስለሚኖር በብርጭቆ ውስጥ ይቆያል። ዋናተኛው ጄሊፊሽ ግን አስቸጋሪ ሆነ። በ1850ዎቹ በእንግሊዝ አገር የባሕር እንስሳትን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ማኖር የብዙ ሰው ፍላጎት ሆኖ ነበር፤ በ1853ም በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ስፍራ ለሕዝብ የሚታይ አኳሪየም ተከፈተ። ዓሣውና አኔሞኑ በገንዳው ውስጥ ሲለምዱ ጄሊፊሹ ግን ከገንዳው ሥር ይወድቅና ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ምግብ ቢሰጠው፥ ውሃው ቢጣራ ነገሩ ያው ነው።

ምክንያቱን አግኝቶ መላ ያበጀው ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ መርማሪ ነው። ብራውን በ1888 በተከፈተው የፕሊመዝ የባሕር ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ያስተዋለውም ነገር አንድ ነው፤ ባሕር አይተኛም። ጄሊፊሽ ጥቂት ቢዋኝም ተንሳፎ የሚኖረው ሁልጊዜ በሚንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ነው፤ በረጋ ውሃ ውስጥ ቢያኖሩት ይደክመውና ይሰምጣል። ስለዚህ ብራውን ጠፍጣፋ መስተዋት በእንጨት ላይ አንጠልጥሎ በውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ እንዲል አደረገ። መስተዋቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃው ይታወካል፤ ጄሊፊሾቹም ከሥር ተነሥተው ይዋኛሉ። ይህን በ1898 በላቦራቶሪው መጽሔት ላይ ገለጸው። ከዚህ የቀለለ መሣሪያ ማሰብ ያስቸግራል። ስንት የተማረ ሰው ስለ ውሃው ጨውና ስለ ውሃው ንጽሕና ሲጨነቅ፥ የጎደለው እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ የብራውን ዕቃ ማዕዘንና ሥር ያለው ነው። ጄሊፊሽ ግድግዳ የሚባል ነገር በኑሮው አያውቅም፤ ከመስተዋቱ ጋር ሲጋጭ ስሱ ቆዳው ይቆስላል። ከጃንጥላው በታች የአየር አረፋ ቢገባበትም ገላውን ይበሳዋል። ይህን ችግር በ1968 ያቃለለው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ግሬቨ ነው። ግሬቨ በሄልጎላንድ ደሴት ሆኖ ማዕዘን የሌለው ክብ ገንዳ ሠራ። ውሃው በገንዳው ግድግዳ አጠገብ እየገባ እንዲዞር ስለ ተደረገ፥ በመካከሉ ያሉት እንስሳት ግድግዳውን ሳይነኩ አብረው ይዞራሉ፤ ውሃው በሚወጣበት ወንፊት ላይም እንዳይሳቡ የሚገባው ውሃ ራሱ እያጠበ ይከለክላቸዋል። ስሙን ክራይዝል አለው፤ በጀርመንኛ የሚሽከረከር የልጆች መጫወቻ ማለት ነው። በታላላቅ አኳሪየሞች ውስጥ በሰማያዊ ብርሃን ሲንሳፈፉ የምናያቸው ጄሊፊሾች የሚኖሩት የዚህ ገንዳ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ነው።

የምግቡ ነገር በአጭሩ ይነገራል። ጄሊፊሽ የሚበላው ሕይወት ያለውን ጥቃቅን እንስሳ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት አርቴሚያ የምትባል የጨው ሐይቅ እንስሳ ለዓሣ ጫጩት ምግብ እንድትሆን መርማሪዎች መጠቀም ጀመሩ። የአርቴሚያ እንቁላል ደርቆ እንደ ጤፍ ዘር በዕቃ ተከትቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የጨው ውሃ ሲያገኝ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። ከዚህ በኋላ ከባሕር ርቆ የሚኖር ላቦራቶሪ እንኳ ጄሊፊሽ ሊቀልብ ቻለ።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እኔም ቸል ልለው አልችልም። በጄሊፊሽና በዘመዶቹ ምክንያት ከተሰጡት የኖቤል ሽልማቶች ሁለቱ የተገኙት በማሳደግ ሳይሆን በመያዝ ነው። ሪሼና ፖርትየ በ1901 ከሞናኮው ልዑል መርከብ ላይ ፊዛሊያ የተባለውን ተናዳፊ እንስሳ መርዝ መመርመር ጀምረው፥ ሰውነት መርዝን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኝ በብርቱ እንደሚቆጣ አወቁ፤ ለዚህም ሪሼ በ1913 ተሸለመ። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ ደግሞ ከ1961 ጀምሮ በአሜሪካ ፍራይዴይ ሃርበር ወደብ አኳሪያ የተባለውን የሚያበራ ጄሊፊሽ እየሰበሰበ፥ ብርሃኑን የሚሰጠውን ፕሮቲንና አብሮት የሚገኘውን አረንጓዴ ፕሮቲን ለየ። ይህ አረንጓዴ ፕሮቲን ዛሬ የሕዋስን ሥራ በዓይን ለማየት በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ያገለግላል፤ ሺሞሙራም በ2008 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተሸለመበት።

ተቃውሞው እውነት ነው። ነገር ግን ዋጋውን እንመልከት። ሪሼና ፖርትየ ወደ ፈረንሳይ ሲመለሱ ፊዛሊያን ሊያገኙ ስላልቻሉ ሥራቸውን የቀጠሉት በባሕር አኔሞን መርዝ ነው። ሺሞሙራ በመጀመሪያው ክረምት ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ጄሊፊሽ ሰብስቦ ከጃንጥላቸው ዳር የሚያበራውን ቀለበት በመቀስ ሲቆርጥ ከረመ፤ ያገኘውም ንጹሕ ፕሮቲን አምስት ሚሊግራም ያህል ነበር። ባለፉት ክረምቶች ሁሉ የተሰበሰበው ተደምሮ ስምንት መቶ ሃምሳ ሺህ እንደ ሆነ እርሱ ራሱ ጽፏል። ከ1990 ወዲህ በዚያ ወደብ የአኳሪያ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ሥራው እንዳይቆም ያደረገው በ1985 እና በ1992 የሁለቱ ፕሮቲኖች ጂኖች መገኘታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ፕሮቲኑን ባክቴሪያ ያመርተዋል፤ ጄሊፊሹም አላስፈለገም። ስለዚህ መያዝ የጄሊፊሹን ንጥረ ነገር አስገኘ እንጂ የጄሊፊሹን ኑሮ አላስገኘም።

ወደ እኛ ወገን የሚቀርብ አንድ ጄሊፊሽ አለ። በ1761 ከኮፐንሃገን ተነሥቶ ወደ ዐረብ አገር የተጓዘው የዴንማርክ ንጉሥ ጉባኤ አባል የነበረው ፎርስኮል በቀይ ባሕር ብዙ እንስሳት መዘገበ፤ በ1763 በየመን በበሽታ ሞተ፤ ከጓደኞቹ በሕይወት የተመለሰው ኒቡር ብቻ ሲሆን ጽሑፉን በ1775 አሳተመለት። ከመዘገባቸው ውስጥ አንዱ ዛሬ ካሲዮፒያ አንድሮሜዳ የሚባለው ነው። በግሪኮች ተረት ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት፥ አንድሮሜዳም ልጅዋ ናት፤ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ ያዳነው ፐርሲየስም የሜዱሳን ራስ የቆረጠው ነው። ሜዱሳ ደግሞ ሊቃውንት ለጄሊፊሽ የሰጡት ስም ነው። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ወሰንዋ ከዛሬይቱ ጋር አንድ ባይሆንም፥ ስሙ እንዲህ ዞሮ ቀይ ባሕር መድረሱ ያስገርማል።

ካሲዮፒያ ከሌሎቹ የምትለየው ተገልብጣ፥ ጃንጥላዋን ከመሬት አድርጋ ክሮችዋን ወደ ፀሐይ ዘርግታ ስለምትኖር ነው። በገላዋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ይመግቧታል። ስለዚህ የሚዞር ገንዳ አያስፈልጋትም፤ ረጋ ባለ ገንዳና በመብራት ትኖራለች። ማየር የተባለው አሜሪካዊ በ1904 በፍሎሪዳ ደሴቶች ላይ በተቋቋመው ላቦራቶሪ ከካሲዮፒያ ጃንጥላ ቀለበት ቆርጦ አንድ የእንቅስቃሴ ማዕበል ቢያስነሣበት፥ ማዕበሉ ሳይቋረጥ በቀለበቱ ላይ ለቀናት ሲዞር አየ። በኋላ የልብ ሐኪሞች አንዳንድ የልብ ምት ሕመም እንዴት እንደሚመጣ ለማስረዳት የተጠቀሙበት አሳብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ2017 ደግሞ በካሊፎርኒያ ሦስት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በላቦራቶሪ የምትኖረውን ካሲዮፒያ ሌሊቱን ሙሉ በካሜራ ጠበቁ። ቀን በደቂቃ 58 ጊዜ ያህል የምትርገበገበው ሌሊት ወደ 39 ትወርዳለች፤ ሌሊት ቢያስደነግጧት ዘግይታ ትነቃለች፤ ሌሊቱን ውሃ እየረጩ እንቅልፍ ቢነሷት በማግሥቱ ትፈዛለች። አንጎል የሌለው እንስሳ ይተኛል ማለት ነው። ይህን በመረብ ያወቀ አልነበረም፤ ሊያውቅም አይችልም።

ፖሊፑ ጄሊፊሽ የሚወልደው መቼና በምን ምክንያት ነው የሚለውም ጥያቄ የተመለሰው በብርጭቆ ውስጥ ነው። አሜሪካዊቷ ዶሮቲ ስፓንገንበርግ በ1967 የአውሬሊያ ፖሊፕ አዮዲን ሲያገኝ መሰንጠቅ እንደሚጀምር ገለጸች። ይህ እንቅርትን ለመከላከል በጨው ውስጥ የሚጨመረው አዮዲን ነው። በዚሁ ዘዴ በ1991 ከሁለት ሺህ አራት መቶ በላይ ፖሊፖችና ግልገል ጄሊፊሾች በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተልከው፥ ክብደት በሌለበት ስፍራ እንዴት እንደሚያድጉ ታየ። በ2014 ደግሞ የጀርመን መርማሪዎች የክረምቱ ቅዝቃዜ በፖሊፑ ውስጥ አንድ ፕሮቲን እንዲጠራቀም እንደሚያደርግና፥ መጠኑ ሲሞላ ፖሊፑ መሰንጠቅ እንደሚጀምር አረጋገጡ። ሳርስ በጀልባ እየዞረ የጠበቀው ወቅት በፖሊፑ ገላ ውስጥ ይቈጠር ነበር።

የመጨረሻውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ለእኔም ክርክር ፈተና ነውና። በ1988 በጣልያን ራፓሎ ከተማ አንድ ወጣት ጀርመናዊ ተማሪ ቱሪቶፕሲስ የተባሉ፥ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ጄሊፊሾችን በዕቃ ውስጥ አኑሮ ሳለ፥ አንዳንዶቹ ሳይሞቱ ጃንጥላቸውን አጥፈው ከሥር ተጣበቁና ተመልሰው ፖሊፕ ሆኑ። ሽማግሌው ሕፃን ሆነ እንደ ማለት ነው። በ1996 የጣልያን መርማሪዎች ጉዳዩን በሰፊው አጥንተው አሳተሙ፤ በጃፓንም ሺን ኩቦታ በሺራሃማ ላቦራቶሪው እነዚህኑ ለብዙ ዓመታት በእጁ እየመገበ ደጋግመው ሲታደሱ ተመልክቷል። ይህ ሁሉ የታየው በዕቃ ውስጥ ነው። በባሕር ውስጥ አንድ ቱሪቶፕሲስ ወደ ፖሊፕነት ሲመለስ ያየ ሰው እስካሁን የለም። በባሕሩ ውስጥ ያልታየው ስለማይሆን ነው ወይስ ማንም በዚያ ጨለማ ውስጥ እንደ ሳርስ አሥራ ሁለት ዓመት ስላልጠበቀ?